የሚስጥር ቁጥር ለሰው ሳይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባንኮች «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ» እያሉ ሳይታክቱ ያስጠነቅቃሉ። ዓይነ ስውር ደንበኛ ግን የባንኩ የስልክ መተግበሪያ ስላላነበበለት ቁጥሩን አጠገቡ ላለ ሰው እየነገረ ገንዘቡን ያስልካል። ይህ የደኅንነት ክፍተት ነው። መነሻውም የደንበኛው ማየት አለመቻል ሳይሆን የመተግበሪያው አሠራር ነው።

ዓይነ ስውራን ስማርት ስልክ የሚጠቀሙት በስክሪን ሪደር ነው፤ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። ጣት ያረፈበትን ነገር ስም በድምፅ ያነባል፣ ሁለቴ መታ ሲደረግ ይከፍተዋል። በሥዕል ብቻ የተሠራን የ«ላክ» ምልክት ግን ፕሮግራመሩ ስም ካልጻፈለት «ስም የሌለው ቁልፍ» ብሎ ያልፈዋል። አንድሮይድ ላይ ይህ ስም ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን በሚባለው ቦታ የሚገባ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። አንድ መስመር!

ከሁሉ የከፋው የሚስጥር ቁጥር ማስገቢያው ገጽ ነው። ብዙ ጊዜ የቁጥር ሰሌዳው በመተግበሪያው ውስጥ እንደ ሥዕል ይሳላል፤ ለጥንቃቄ ሲባልም የቁጥሮቹ ቦታ በተከፈተ ቁጥር ይቀያየራል። ቶክባክ ዝም ይላል፣ ቦታውን በቃል መያዝም አይቻልም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቁጥር ስም መስጠት፣ የገባውን ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ «ነጥብ» ብቻ እያስባሉ ማለፍና ደንበኛው የጆሮ ማዳመጫ እንዲጠቀም መምከር ነው። በጣት አሻራ መግባትም ይፈቀድ።

ስክሪን ሪደር መብራቱን ሲያዩ ጭራሽ አንከፈትም የሚሉ መተግበሪያዎችም አሉ። አጭበርባሪ ፕሮግራሞች የተደራሽነት ፈቃድን (አንድ ፕሮግራም የሌላውን ገጽ እንዲያነብ የሚያስችለውን ፈቃድ) ለስርቆት ስለሚጠቀሙበት ስጋቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ጥንቃቄ የሚሻውን ክፍል እውነተኛ የተደራሽነት መሣሪያዎች ብቻ እንዲያነቡት መወሰን ይቻላል። ሌባውን ለመከላከል ዓይነ ስውሩን ደጅ ማስቀረት አያስፈልግም።

«ኢንተርኔት የማይፈልገው የኮከብና መሰላል ምልክቱ አቋራጭ ቁጥር አለላቸው» የሚል መልስ ይሰጣል። ቶክባክ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ሰባተኛው ምርጫ ላይ ሳይደርስ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ ይጠር፣ «ሂሳብ ማየት» እና «ገንዘብ መላክ» ከላይ ይቀመጡ። መተግበሪያው ላይ ደግሞ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አስጠንቅቆ፣ በአንድ ንክኪ ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ መስጠት WCAG የተባለው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መስፈርት የሚጠይቀው ነው።

የአማርኛው ነገር ለብቻው ትኩረት ይሻል። የገጹ ቋንቋ በኮዱ ውስጥ «አማርኛ» ተብሎ ካልተገለጸ የእንግሊዝኛው ድምፅ ሊረከበውና ፊደሉን ሊዘልለው ይችላል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የንባብ ድምፅ አማርኛን ያነባል፤ ድምፁ ደረቅ ቢሆንም ይሰማል። አጥርተው ለማያዩ ሰዎች ደግሞ «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ነጭ ላይ ሲሆን ጭረቷ ትጠፋለች። መስፈርቱ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠይቀው የጽሑፍና የመደብ ንፅፅር 4.5 ለ1 ነው፤ ዲዛይነሮች የሚወዱት የቀለም ኮዱ 999999 የሆነው ግራጫ 3 እንኳ አይሞላም፣ 767676 ግን ያልፋል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን በስም ይጠቅሳል። የባንክ ኃላፊዎችን የምንጠይቀው መተግበሪያውን ለሠራው ድርጅት የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ፈተና በውሉ ላይ እንዲያስገቡ ነው። ቶክባክ በርቶ፣ ስክሪኑ ተሸፍኖ፣ ክፍያ የሚያገኝ ዓይነ ስውር ፈታሽ ይግባ፣ ሂሳቡን ይስማ፣ 10 ብር ይላክ፣ ደረሰኙን ያንብብ። ደረሰኙ በፎቶ መልክ ብቻ ከመጣ ፈተናው ወድቋል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥርም ይደገም፤ የቁልፎች ስም በብዛት የሚጠፋው ገጽታው ሲታደስ ነው።

ከሶፍትዌር ጥራት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ