አስታን በባሕር ማዶ አገኘሁት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ላ ጎሜራ ደሴት ደርሼ ትናንት ማታ ተመለስኩ። ስልኬ እርጥበት ገብቶበት ስለጠፋ አንድም ፎቶ ይዤልሽ አልመጣሁም፤ ስለዚህ ያየሁት ሳይደበዝዝብኝ በጽሑፍ ላስቀምጥልሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ላ ጎሜራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ካሉት የስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ከቴነሪፌ በፈጣኑ መርከብ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ደሴቶቹ ሁሉ የተፈጠሩት በእሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ይህቺ ግን ሁለት ሚሊዮን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እሳት ስላልተፋች፣ ዝናብና ነፋስ ቦርቡረው ገደልና ሸለቆ ብቻ አድርገዋታል። በመንገዴ ላይ ያየሁት ሮኬ ዴ አጋንዶ የሚባለው ግዙፍ ቋጥኝ በጥንቱ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ ረግቶ የቀረ ድንጋይ ነው፤ ዙሪያው ተሸርሽሮ ሲያልቅ እሱ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ከባሕሩ ዳር ስነሳ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ኤል ኮንታዴሮ ደርሼ በጋራሆናይ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደ ኤል ሴድሮ ቁልቁል መውረድ ስጀምር ግን ከዐሥር እርምጃ ወዲያ ምንም የማያሳይ ጉም ዋጠኝ። ሰማዩ አይዘንብም፤ ከዛፎቹ ሥር ግን ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የውቅያኖሱን እርጥበት ተሸክሞ ይመጣና ተራራው ሲገታው ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል፤ ዛፎቹም ጉሙን በቅጠላቸው እያጠለሉ መሬቱን ያጠጣሉ። ኤል ሴድሮ ላይ ያለው ጅረት በበጋም የማይደርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጄ፣ ልነግርሽ የፈለግሁት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ሲያንሸራትተኝ አንድ የጎበጠ ዛፍ ያዝኩ። ግንዱ በአረንጓዴ ሽበት ተሸፍኗል፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ ደቃቅ ነው፤ በየጫፉም አንዳንድ የውሃ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ጣቶቼ ከዓይኔ ቀድመው አወቁት፤ አስታ ነበር! የእጽዋት ሊቃውንት ኤሪካ አርቦሪያ የሚሉት፣ ከደባርቅ በላይ በስሜን ተራሮች የሚበቅለው ያው አስታ፣ እናቴ ለማገዶ ስትሰብረው እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ የምለቅመው አስታ ነው። በዚያ ሁሉ ባሕር መካከል ቆሜ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት።

ትንሽ ሳለሽ «የአያቴ አገር ምን ይመስላል?» እያልሽ ስትጠይቂኝ «ብርድና ጉም ነው» ብዬሽ አልፍ ነበር። መልሱ ያ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወደ ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰወረው አስታው ነበር፤ ሲገልጥም መጀመሪያ ብቅ የሚለው እሱ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የተነሣው ትልቅ ቃጠሎ ከፓርኩ ውስጥ ብዙ ደን እንዳወደመ አውቅ ስለነበር ልቤ ሰግቶ ነበር። ይሁንና አስታ ግንዱ ቢቃጠልም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በስሜንም እንዲሁ ሲያደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ለገና ዕረፍት ስትመጪ አብረን እንሄዳለን። የዝናብ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ያዢ፤ ቅርንጫፍ መስበር ክልክል ስለሆነ በእጅሽ ብቻ ዳስሺው። ዛፉ ከኤል ኮንታዴሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ወርደሽ ከመንገዱ በስተግራ ነው፤ እኔ ባልደርስ እንኳ አታጪውም።

እናትሽ