ባቡሩ መቼ ይመጣል ብቻ ሳይሆን ጥገናው የት ይሆናል ይባል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣዎ ስለ ባሕር ዳር የባቡር መስመር በወጣው ጽሑፍ «ሐዲዱ ከገባ ኢንዱስትሪው ተከትሎ ይመጣል» የሚለው አሳብ ስላልተዋጠልኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። በማስረጃነት የቀረበችው ድሬዳዋ ናት፤ የድሬዳዋ ታሪክ በጥሞና ሲታይ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። (ዘመኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ዳግማዊ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚነሣውን የባቡር መስመር እንዲዘረጋ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ሲሆን ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ግብ ሐረር ነበር፤ ይሁንና ሐዲዱን ወደ ደጋው ማውጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በ1902 የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ የጥንቷ የንግድ ከተማ ሐረር ከሐዲዱ ውጭ ቀረች። አዲስ አበባ ለመድረስ መስመሩን የሚሠራው ኩባንያ ከስሮ በሌላ እስኪተካ መቆየት ግድ ስለነበር እስከ 1917 ፈጀ።

ድሬዳዋን የሠራት ግን የባቡሩ ማለፍ ብቻ ሳይሆን የጥገና ወርክሾፑ እዚያው መተከሉ ነው። የሎኮሞቲቭ ቦይለር የሚፈታው፣ የፉርጎ እግር በቶርኖ የሚስተካከለው፣ ከውጭ እስኪመጣ የማይጠበቅ መለዋወጫ ተቀልጦ የሚወጣው በዚያ ነበር፤ አባት ለልጁ ሙያውን ያወረሰውም በዚያው ግቢ ነው። የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ የመጡት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው ነው፤ ሲመጡም ብረት የሚያውቅ ሰው አላጡም።

የእኛ ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ሥራ ሲጀምር ሐዲድ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። የነበረው ውኃ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ በ1963 ፖሊ ቴክኒኩ፣ በ1964 የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተጨመሩለት። ሐዲድ አለመኖሩ ያስከፈለው ዋጋ ቀላል እንዳልነበር አልክድም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ጨርቅ ሁሉ በመኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ነበረበት።

በአገር አቀፉ ዕቅድ ላይ ያለው መስመር ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄድ ነው። ከወረታ በስተ ምሥራቅ የደብረ ታቦርና የጋይንት ደጋ ስለሚጠብቀው፣ በሐረር ላይ የደረሰው በእኛ በኩል በየትኛውም ከተማ ላይ ሊደርስ ይችላል። ዋናው የጭነት ጣቢያ ወረታ ይሁን ቢባል እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም፤ የፎገራ ሩዝ በደጁ ነው፤ የመተማ ሰሊጥና ጥጥም በጎንደር አድርጎ ይደርሰዋል። ወርክሾፑን ግን ቴክኒሻን የሚሠለጥንባት ባሕር ዳር ማጣት የለባትም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ሲሠራ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ውጭ መሆኑንና አሮጌው ወርክሾፕ የቀድሞ ሥራው እንደሌለው ላስተዋለ ሰው ይህ ሥጋት የተጋነነ አይመስለውም።

ስለዚህ ጋዜጣዎ የሚመለከታቸውን ባለሥልጣናት ስለ ባቡሩ ሲጠይቅ፣ የጣቢያዎቹና የጥገናው ቦታ በየትኛው የቅየሳ ጥናት ላይ ተመሥርቶ እንደሚወሰን፣ ጥናቱም ሐዲዱ ሳይዘረጋ ለሕዝብ ይፋ ይሆን እንደሆነ እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ፣ ከባሕር ዳር