ግልጽ ደብዳቤ፦ እናቴ በ40 ደቂቃ አዲስ አበባ አትደርስም

ለትራንስፖርት ጉዳይ ኃላፊው
ሀዋሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሀዋሳ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ከታሪፍ በላይ ስላስከፈሉን ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። ማመልከቻ አስገብቻለሁ። "ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባልኩ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ሳገኝዎ የሰጡኝ መልስ ከዝምታው የባሰ ነበር፦ "የቸኮለ ሰው በአውሮፕላን ይሂድ፤ 40 ደቂቃ ነው።" በአደባባይ የምጽፍልዎ ለዚህ ነው።

አዎ፣ ከሀዋሳ አዲስ አበባ በረራው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። አውቶቡስ ግን ሻሸመኔን፣ አርሲ ነገሌን፣ ባቱንና መቂን አልፎ፣ ሞጆ ላይ ታጥፎ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አምስት ሰዓት የሚፈጅበት ቀን አለ። 40 ደቂቃውም ቢሆን አየር ላይ የሚያልቀው ጊዜ ብቻ ነው። ኤርፖርቱ ከከተማ ውጭ ነው፤ ቀድሞ መገኘት አለ፤ ፍተሻ አለ። ይሄ ሁሉ ይቅር። የአውቶቡስ ሂሳብ ሲጨመርበት የሚጨነቅ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከየት አምጥቶ ይቁረጥ?

የመጣሁበትን ጉዳይ ልድገምልዎ። እናቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ናት። ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ቀጠሮ ነበራት። የበዓል ሰሞን ነው። ንጋት ላይ መናኸሪያ ስንደርስ "መኪና የለም" ተባልን። ትንሽ ቆይቶ አንድ ረዳት ጠጋ ብሎ "ጨምሩና ግቡ" አለን። የጠየቀው የታሪፉን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። የያዝኩት አልበቃ አለኝ። እናቴ ለመድኃኒት ብላ መቀነቷ ላይ የቋጠረችውን ፈታች። ረዳቱ ብሩን ተቀብሎ ትኬቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የታሪፉን ዋጋ ጻፈ። "የከፈልነውን ጻፍ እንጂ" ስለው "ካልተመቸሽ ውረጂ፤ ሰው ሞልቷል" አለኝ። ተራ አስከባሪው አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ትኬቶቹን አገላብጦ አየና መኪናውን አሳለፈው። ወረቀቱ ልክ ነዋ! ዝርፊያው ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ታሪፍ የሚወጣው በኪሎ ሜትር፣ በመንገዱ ዓይነትና በመኪናው ደረጃ እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በዓል ሲመጣ መንገዱ አይረዝምም። የመኪናውም ደረጃ አይለወጥም። ታዲያ ዋጋው በማን ፈቃድ ይጨምራል? ባለንብረቶች ነዳጁም ጎማውም ተወደደብን ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ታሪፉ አላዋጣ ካለ በግልጽ ይሻሻል። ከሕመምተኛ መቀነት ግን አይወሰድ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ርቀቱና የየደረጃው ታሪፍ በትልቁ ተጽፎ ትኬት መቁረጫው ላይ ይለጠፍ። ተቆጣጣሪው ትኬት አይቶ ብቻ አይለፍ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተሳፋሪውን "ስንት ከፈልክ?" ብሎ ይጠይቅ። በተለይ በበዓል ዋዜማ።

ማመልከቻዬ ከትኬቱ ኮፒ ጋር መዝገብ ቤታችሁ ይገኛል። የሰሌዳ ቁጥሩም ተጽፎበታል። በዚያ መኪናና በዚያ ተቆጣጣሪ ላይ ምን እርምጃ እንደወሰዳችሁ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።

አንዲት የሀዋሳ ነዋሪ