ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፦ ከተርባይኑ በፊት አንድ ፊኛ

ይድረስ ለኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ተራራ ስለማየት

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም፣ ማኅተምም የለውም። መዝገብ ቤት ብወስደው የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ግራ ይገባቸዋል ብዬ በአደባባይ ጻፍኩት።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ናዝሬት እያልን ነው ያደግነው፤ እናቴ ዛሬም የምትለው ናዝሬት ነው። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስመጣ ከከተማው ቀድመው የሚቀበሉኝ የንፋስ ተርባይኖቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 34 በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በ2007 ዓ.ም. ሌላ 102 ተጨመረ። ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እወዳቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ ትንሽ ሳለች «የእግዜር ቬንትሌተር» ትላቸው ነበር። የናዝሬትን ሙቀት የቀመሰ ሰው ይህን ስም አይንቅም።

ስለዚህ የምጽፈው ተርባይን ጠልቼ አይደለም። ክረምት ላይ ግድቦቻችን ይሞላሉ። በጋ ላይ ወንዙ ሲሳሳ ደግሞ ንፋሱ ይበረታል። አብዛኛው መብራታችን ከውሃ በሚመጣበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም ይተከል። እኔ የምለው፣ የት እንደሚተከል ሲወሰን ዓይንም ይጠየቅ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ተጣልቶ ደክሞታል። አሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ናንታኬት የሚባለው ባሕር ላይ 130 ተርባይን ለመትከል እ.ኤ.አ. በ2001 ሐሳብ ቀረበ። ዳርቻው የሀብታሞች ሰፈር ነው። የኬኔዲ ቤተሰብ ቤትም እዚያው ነው። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ታዳሽ ኃይልን የሚደግፉ ሰው ነበሩ፤ እዚያ ግን አይሆንም አሉ። የፌዴራል መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈቀደ፣ ክርክሩ ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2017 አልሚው ተስፋ ቆርጦ ተወው። አሥራ ስድስት ዓመት ተሟግተው አንድም ተርባይን ሳይቆም ቀረ።

ዶናልድ ትራምፕም ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቆመዋል። ስኮትላንድ፣ አበርዲን አጠገብ የጎልፍ ሜዳ አላቸው። ከሜዳው ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ 11 ተርባይን ሊተከል ሲል ከሰሱ። እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው እ.ኤ.አ. በ2015 ተረቱ። ተርባይኖቹ ዛሬ እየዞሩ ነው። ለጎልፍ ተጫዋች ማዘን አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ሌላ ነው። ኪናንጎፕ በሚባል ደጋ 38 ተርባይን ሊቆም ነበር። ገበሬው ተነሣ፣ ግጭት ሆነ፣ ሰው ሞተ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። እዚያ ጠቡ የእይታ ብቻ አልነበረም። መሬት ነበረበት፣ ወሬ ነበረበት፣ ከሁሉ በላይ በጊዜው ተቀምጦ አለመነጋገር ነበረበት። እኔን የሚያስፈራኝ የትራምፕ ዓይነት ክስ ሳይሆን ይህኛው ነው።

እኛ ዘንድ ተራራ የመስኮት ጌጥ አይደለም። «ደብር» የምንለው ቃል በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። ቤተክርስቲያን ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተከላል። መንገደኛ ከሩቅ አይቶ ያማትባል፣ ቆሞ ይሳለማል። ገበሬው ደመናውን የሚያነበው ከጋራው አናት ላይ ነው። ችግሩ ንፋሱም የሚወደው ይኸንኑ ቦታ መሆኑ ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ነፋስ መውጫ የሚባል ከተማ አለ። ስሙን ያወጡት ሰዎች የንፋስ ጥናት አላስፈለጋቸውም። ጣርማ በር ላይ ከመኪና ወርዶ ኮፍያውን ያልተነጠቀ ሰው ካለም እኔ አላውቀውም። ጥሩ ንፋስ ያለበትና ሰው «አገሬ» ብሎ የሚያየው ጋራ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ባለፈው ኅዳር ወደ ተርባይኖቹ ሥር ወጣሁ። ድምፃቸው ከመንገዱ አይሰማም። ከሥራቸው ቆሞ ለሚሰማ ሰው ግን ሹ... ሹ... ይላል፣ የሩቅ ወንዝ ይመስላል። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ለማጨድ ደርሷል። የክንፉ ጥላ ጤፉ ላይ ይሄዳል። አንዴ ያልፋል፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በትልቅ ማጭድ ባዶውን የሚያጭድ ሰው ያለ ይመስላል። ጥጆች የምሰሶው ጥላ ላይ ተኝተዋል። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ይዞራል። እነሱም ተነሥተው ትንሽ ፈቀቅ ብለው እንደገና ይተኛሉ። ሰዓት አያስፈልግም፣ ጥጆቹን ማየት ይበቃል።

የጥጆቹ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ እነዚህ ነገሮች አያስጠሉዎትም?» አልኳቸው።

«ምኑ ያስጠላል? ለመድናቸው። እንዲያውም ሲቆሙ ነው ቅር የሚለኝ።»

«ከመተከላቸው በፊት ጋራው ምን ይመስል ነበር?»

ዝም አሉ። ከዚያ ዱላቸውን አነሡና ከግራ ወደ ቀኝ አየሩ ላይ ሳሉልኝ። ከፍ የሚልበትን፣ ስርጉድ የሚልበትን፣ አንድ ዛፍ የነበረበትን ሳይቀር። ቀስ ብለው ነው የሳሉት። ቃልም አልጨመሩበትም።

«ሊተከሉ ሲሉ፣ ስለሚያዩት ነገር ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር?»

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ማየት ደግሞ ይጠየቃል እንዴ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ዱላቸውን ወደ ሌላው ጋራ ቀሰሩ። ቤተክርስቲያን አለበት፣ ዙሪያውን ዛፍ ከቦታል። «እዚያ ላይ ቢሉኝ ግን እምቢ ነበር የምል።»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ይህቺ አባባል ናት። ሰውየው ተርባይን አይጠሉም። ጋራ ሁሉ ግን ለእሳቸው እኩል አይደለም። የትኛው የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ካርታ ላይ አልተጻፈም እንጂ ልባቸው ውስጥ አለ።

«ማየት ይጠየቃል እንዴ?» ለሚለው ደግሞ መልሱ እናንተው ጋ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 «አካባቢ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም መሬትን፣ ውሃንና አየርን ቆጥሮ አያበቃም። ድምፅን ይጨምራል፣ ሽታን ይጨምራል፣ ጣዕምን ይጨምራል። ውበትንም ይጨምራል። አርቃቂዎቹን ባገኛቸው ቡና እጋብዛቸው ነበር። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 92 ላይ፣ ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ ሙሉ መብት አለው ይላል። እንግዲህ አዲስ ሕግ አልጠየቅኩም። አዋጁ ውስጥ የተቀመጠችው አንዲት ቃል ሥራ ትጀምር ነው ያልኩት።

መብራት ያልገባለት ሰው ስለ ውበት ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ሰምቼዋለሁ፣ ስብሰባ ላይም ሰምቼዋለሁ። ድህነት ግን ዓይን አያጠፋም። ጋራውን በዱላ የሳሉልኝ ሰው የጎልፍ ሜዳ የላቸውም።

ለጠፋ እይታ ካሳ ይከፈል እያልኩም አይደለም። ያ ከተጀመረማ አዲስ አበባ ውስጥ እንጦጦን በፎቅ የተጋረደ ሁሉ ጎረቤቱን ሊከስ ነው። እኔ የምፈልገው አስቀድሞ ማሳየትና መስማት ብቻ ነው።

ውበት በሜትር አይለካም ትሉኝ ይሆናል። አይለካም፣ ግን ይታያል። ዴንማርክ ያደረገችውን ላንሣ። ኮፐንሃገን ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ላይ፣ ሚደልግሩንደን የሚባል የንፋስ ጣቢያ አለ። ከዳርቻው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ የታሰበው 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ነበር። ሕዝቡ አስተያየት ሰጠ፣ ዕቅዱ ተቀየረ። 20 ተርባይን ሆኖ እንደ ቀስት በታጠፈ አንድ መስመር ተሰለፈ። ግማሹ ጣቢያ የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነው፤ ሲመሠረት ከ8,000 በላይ አባላት ነበሩት። እዚያ ዳርቻ ቆሞ ተርባይን የሚያይ ሰው የገዛ ላሙ ስትግጥ እንደሚያይ ነው። አስቀያሚ ናት ብትሉት ይጣላችኋል።

ዴንማርክን ያነሣሁት በአጋጣሚ አይደለም። ኢተያ አጠገብ ያለው የአሰላ የንፋስ ኃይል ፕሮጀክት የመጣው በዴንማርክ የገንዘብ ድጋፍ ነው። ገንዘቡን ከተቀበልን ልማዱንም እንቀበል፤ ልማዱ ወለድ የለውም።

የአሰላው ሌላም ያስተምራል። 29 ተርባይን ነው፣ 100 ሜጋ ዋት። የአዳማዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ተኩል ሜጋ ዋት ናቸው። ያንኑ 100 ሜጋ ዋት በእነሱ ልክ ለማግኘት 67 መትከል ያስፈልግ ነበር። በሌላ በኩል የአሰላው ክንፍ ሲዞር የሚሠራው ክብ ከዳር እስከ ዳር 132 ሜትር ነው። የኳስ ሜዳ ቁመት አይበቃውም። የአዳማው 77 ሜትር ነው። እንግዲህ የቱ ይሻላል፣ ብዙ ትንንሽ ወይስ ጥቂት ግዙፍ? መሐንዲሱ በዋጋ ያሰላዋል። ቀን ጥላውን፣ ማታ አናቱ ላይ ለአውሮፕላን የሚበራውን ቀይ መብራት የሚያየው ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ሁለቱ ሒሳብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። እኔ በበኩሌ ጥቂት ግዙፍ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጎረቤቴ ደግሞ አይሆንም ይለኛል። እንከራከር እንጂ፣ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ፊኛው ልምጣ።

አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ተርባይን ወይም የስልክ ማማ ከመቆሙ በፊት ትልቅ ፊኛ በገመድ አስረው ወደ ላይ ይለቃሉ። ቁመቱ ልክ ሊሠራ የታሰበው ነገር የሚደርስበት ነው። ሰው ከደጁ ቆሞ ያያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ አማካሪ ድርጅትም አያስፈልግም። ንፋስ ያለበት ቦታ ፊኛ ይጋደማል ካላችሁ፣ ጠዋት ጸጥ ሲል ይሰቀል። ቀይ ይሁን፣ እንዲታይ። የገበያ ቀን ይሁን፣ ሰው እንዲበዛ። ከገበያው፣ ከቤተክርስቲያኑና ከመስጊዱ ደጅ፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣ መንገደኛ አረፍ ከሚልበት ኩርባ ፎቶ ይነሣ። ፎቶው ላይ ተርባይኑ በልኩ ይሳልበትና በትልቁ ታትሞ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ ወር ይቆይ። ፒዲኤፍ አድርጎ ድረ ገጽ ላይ መጫን ማሳየት አይባልም። እነዚያ ሽማግሌ ፒዲኤፍ አይከፍቱም፤ ፎቶ ላይ ያለ ጋራ ግን ከእኔም ከእናንተም በተሻለ ያነባሉ።

ጭራሽ ፊኛም የማያስፈልጋቸው ቦታዎች አሉ። ላሊበላን አስታውሱ። ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል ለጊዜው ተብሎ አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የብረት መጠለያ ቆመ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነዋሪው ሰልፍ ወጣ። ዋናው ጭንቀት መጠለያው ቅርሱን ይጎዳል የሚል ነበር፣ ዓላማውም ክፉ አልነበረም። ግን ሰው ለእንዲህ ያለ ቦታ አደባባይ እንደሚወጣ አይተናል። ስለዚህ የላስታ ጋራዎች፣ የሰሜን ተራሮች ጫፍ፣ የአክሱምና የጎንደር ዙሪያ «እዚህ አይተከልም» ተብለው ከወዲሁ ካርታ ላይ ይጻፉ። ዝርዝሩን ስታዘጋጁ ስማቸው ውጭ አገር ያልተሰማ ትንንሽ ደብሮችን አትርሱ። ባለሀብቱም ከዚህ ይጠቀማል። ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ከመሟገት፣ መጀመሪያውኑ የት መሄድ እንደሌለበት ቢያውቅ ይሻለዋል።

ሌላው ሁሉ የእናንተ ሙያ ነው፣ አልገባበትም። እኔ የምለምነው ቀጣዩ የንፋስ ጣቢያ ጥናት ሲቀርብላችሁ «ከየት ይታያል? ማን ያየዋል? አሳያችኋቸው ወይ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። መልስ ከሌለው መልሱት።

የበጀት ጉዳይ ነው ካላችሁ የመጀመሪያውን ፊኛ እኔ እገዛለሁ። 150 ሜትር ገመድም ጨምሬ። ቀኑን ብቻ አሳውቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የናዝሬት ልጅ

ግልባጭ፦
ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል
ጥጆቻቸው ጥላ ለሚከተሉት አባት (በቃል የሚነገራቸው)