ደብዳቤ ለልጄ፦ ገና ምንም አትፈርሚ

ልጄ፣

ከአውቶቡሱ አደጋ በኋላ ገንዘብ ይዞ የመጣው ሰው የሰጠሽን ያን የካሳ ስምምነት ወረቀት እስካሁን አልፈረምሽም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፈርመሽ ከሆነ ኮፒውን ይዘሽ ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ሂጂ። ካልፈረምሽ ግን አትፈርሚ። በስልክ ነግሬሽ «እሺ እማዬ» ብለሻል። የአንቺን «እሺ» ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለማውቀው ነው አሁን በጽሑፍ የማስቀምጥልሽ።

መጀመሪያ ስለ ጤናሽ። «አንገቴን ትንሽ ያዝ አደረገኝ እንጂ ደህና ነኝ» ስትዪኝ ድምፅሽ ሌላ ነገር ይነግረኝ ነበር። አውቶቡስ ከጭነት መኪና ጋር ሲጋጭ ውስጥ ያለው ሰው የደረሰበትን ሁሉ ወዲያው አያውቀውም። በድንጋጤ ሰዓት ሰውነት ሕመሙን ይደብቃል፤ የአንገትና የጀርባ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጠናው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ደግሞ ምልክቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ራስ ምታቱ እየባሰብሽ ከሄደ፣ ካስመለሰሽ፣ ያለ ልማድሽ እንቅልፍ ከተጫነሽ፣ እጅሽ ወይም እግርሽ ከደነዘዘ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ለሥራ ቦታሽም፣ ለእኔም ኋላ ትነግሪናለሽ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ተሳፋሪ ሆነሽ አደጋ እንደደረሰብሽ፣ የት እንደተቀመጥሽ፣ ምን እንደመታሽ ተናገሪና ካርድሽ ላይ መጻፉን አረጋግጪ። የሚያምሽን ሁሉ ንገሪው። በልጅነትሽ ከዛፍ ወድቀሽ የተሰበረውን ትከሻሽንም አትደብቂ። የቆየ ጉዳት ስላለሽ ብቻ የአዲሱን ካሳ አታጪም፤ አደጋው አሮጌውን ካባባሰው ያም ራሱ ያስጠይቃል። ደብቀሽው ከተገኘ ግን እውነተኛውን ንግግርሽንም ያጠራጥርብሻል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «ሰውዬው በጣም ጨዋ ነው፣ ሳልጠይቀው ገንዘብ ይዞ መጣ» አልሽኝ። ጨዋ ሊሆን ይችላል። አባትሽ ዘንድ የመጣውም ጨዋ ነበር።

የአባትሽን ነገር የምታውቂው በግማሹ ነው። ሰው ፊት እጁን ለምን ኪሱ ውስጥ እንደሚከት፣ የሰዓት መጠገኛ መሣሪያዎቹ ለምን ከዚያ መሳቢያ እንደማይወጡ ታውቂያለሽ። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ግን አንቺ ባለሽበት አውርተነው አናውቅም፤ እሱ አይወድም። አሁን ግን ልጽፍልሽ መሆኑን ነግሬው «ንገሪያት» ብሎኛል።

አንቺ ገና አልተወለድሽም። እሱም እንዳንቺው ትኬት ቆርጦ የተቀመጠ ተሳፋሪ ነበር። አውቶቡሱ መንገድ ስቶ ተገለበጠ። አባትሽ በራሱ እግር ወጣ፤ ወጥቶም አልተቀመጠም፣ የቀሩትን በመስኮት ሲጎትት አመሸ። ሐኪም ቤት ግንባሩ ላይ የነበረውን ቁስል ጠርገው፣ ሰፍተው ሸኙት። በዚያው ሳምንት የአውቶቡሱ ባለቤት የላከው ሰው ቤታችን መጣ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ከልቡ አዘነ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋ። «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ አሁንም ሆነ ወደፊት በማንም ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላቀርብም» ይላል። አባትሽ አንብቦታል። ሳያነብ የሚፈርም ሰው አልነበረም። «እኔ በሕይወት ወጥቻለሁ፤ የሞቱ ሰዎች እያሉ እኔ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» ብሎ ፈረመ። በገንዘቡ የቤት ኪራይ ከፈልንበት።

ሕመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ከዚያ ክንዱን፣ ከዚያ ወደ ጣቶቹ ወረደ። አንድ ቀን ከሥራ ቦታው አንገቱን ደፍቶ ገባና «ብሎኗ ከጣቴ ትወድቃለች» አለኝ። የሰዓት ብሎን ምን ያህል እንደምታንስ ታውቂያለሽ። ሐኪሙ የአንገት ዲስኩ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል አለው። ከአደጋው የመጣ መሆኑን በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ያን ይዘን ስንሄድ ሌላ ወረቀት አወጡና አሳዩን፤ የአባትሽ ፊርማ ያለበትን። ከዚያ በኋላ አባትሽ ሰዓት አልጠገነም። ያገኘውን ሲሠራ ኖረ፣ እናንተን አሳደገ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እኔ መድን ድርጅት ውስጥ በካሳ ክፍል ተቀጥሬ ነገሩን የተማርኩት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ፣ ሰው ተታሎ ወይም መሠረታዊ ነገር ሳያውቅ የፈረመውን እንዲህ ያለ ስምምነት ፍርድ ቤት እንዲያፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ከባድ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም፤ ግን መንገድ ነበረው። እኔ ያንን ሳውቅ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ የሰጠው ቀን፣ አልፎ ነበር። የማላውቃቸውን ሰዎች ፋይል እያገላበጥኩ ለስንቱ «ይህ ማስረጃ ይጎድላል፣ ቀኑ ሳያልፍ አምጣ» ብያለሁ። ለአባትሽ እንደዚያ የሚለው ሰው አልነበረም። አንቺ ግን እኔ አለሁሽ። ስለዚህ አትፈርሚ።

ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። የካሳ ሠራተኛ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አብረውኝ ከሠሩት መካከል ለተጎጂው የሚጨነቁ ነበሩ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ፋይል ይወጣል ተብሎ የሚገመት ገንዘብ አለ። ግምቱ ምርመራ በተጨመረ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ፋይሉ ምርመራው ሳያልቅ ከተዘጋ ከፋዩ ይተርፈዋል፤ የማይታወቀው ጉዳት በሙሉ ተጎጂው ላይ ይቀራል። ገንዘቡ የፈጠነው ለዚህ ነው። ሰውዬው «ቅናሹ እስከ ዓርብ ብቻ ነው» ካለሽም አትደንግጪ፤ የዓርብ ቀጠሮ የእሱ ነው፣ አንቺን የሚያስረው የሕጉ ቀን ነው። ለሕክምና ብቻ የሚሰጥ የቅድሚያ ክፍያ ከሆነ፣ የመጨረሻ ስምምነት አለመሆኑ በጽሑፍ ይግባ፤ እሱንም ጠበቃ ሳያነበው አትንኪው።

«ሁለቱ ሾፌሮች ገና እየተካሰሱ ስለሆነ እኔ ማንን እጠይቃለሁ?» ብለሽኛል። ይህ ጥያቄ ብዙ ተሳፋሪ መብቱን የሚተውበት ቦታ ነው። መሪው በእጅሽ አልነበረም። አውቶቡሱ ቢያጠፋም፣ ጭነት መኪናው ቢያጠፋም፣ ሁለቱም ቢያጠፉ አንቺ ተሳፋሪ ነሽ። ጥያቄሽን ለሁለቱም ባለንብረቶችና ለሁለቱም መድን ሰጪዎች በጽሑፍ ማቅረብ ትችያለሽ፤ ማን ስንት እንደሚከፍል እነሱ ይከራከሩ። በብዙ አገሮች ትኬት ቆርጦ ያሳፈረሽ አጓጓዥ በውሉ መሠረት በደህና የማድረስ ግዴታ አለበት፤ መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን መድንም በአብዛኛው አገር ግዴታ ነው። መኪናው መድን ባይኖረው ወይም ቢያመልጥ እንኳ ለተጎጂዎች ተብሎ የተቋቋመ ፈንድ ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ቀበቶ አላሰርሽም ነበር መሰለኝ። እውነቱን ተናገሪ። በብዙ ቦታ ካሳውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እሰሪ፤ ይህን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ።

ስልክ ደውለው «ድምፅ እየቀዳን ጥቂት ጥያቄ እንጠይቅሽ» ካሉሽ በጽሑፍ እንደምትመልሺ በትህትና ንገሪያቸው። «እንዴት ነሽ?» ሲሉሽ ለወጉ «ደህና ነኝ» አትበይ፤ ያቺ «ደህና ነኝ» በኋላ ፋይሉ ውስጥ ተጽፋ ታገኛታለሽ። ፌስቡክ ላይም ስለ አደጋው ምንም አትለጥፊ። ስትስቂ የተነሳሽውን ፎቶም ቢሆን ለጊዜው ያዢው።

ትኬቱን ጥለሽው ከሆነ የከፈልሽበት የስልክ መልእክት አለ፤ አታጥፊው። አጠገብሽ የነበሩትን ሴትዮ ስልክ ወስጃለሁ ብለሽኛል፤ ዛሬ ደውዪላቸው፣ ደህንነታቸውን ጠይቂ፣ ያዩትን እንዲጽፉልሽ ለምኛቸው። ትራፊክ ፖሊሱ የመዘገበበትን ቁጥር አውጪ፤ ስምሽ ተጎጂዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ብዙ ጊዜ በአምቡላንስ ያልሄደ ሰው አይመዘገብም፤ ከሌለሽ እንዲያካትቱሽ ማመልከቻ አስገቢ። የተቀደደውን ልብስ አታጥቢው፣ የቆሰልሽበትን ቦታ ፎቶ አንሺ፣ በየጥቂት ቀኑ ድገሚው።

ካሳ ማለት የሐኪም ደረሰኝ ብቻ አይደለም። የቀረሽበት ሥራ፣ ወደፊት የምታጪው ገቢ፣ ወደ ሕክምና የተመላለስሽበት ትራንስፖርት፣ ሊረዳሽ የሚመጣ ሰው የሚያወጣው ወጪ፣ በብዙ አገር ሕግ ደግሞ ሕመሙና የተጎዳ ስሜትሽ ጭምር ይታሰባል። ስለዚህ ማስታወሻ ያዢ። «ዛሬ ፀጉሬን ማበጠር አልቻልኩም» ብለሽ ቀን ጽፈሽበት ያስቀመጥሽው አንድ መስመር፣ ከዓመት በኋላ «በጣም ታምሜ ነበር» ከማለት ይበልጣል። የሌለብሽን ግን አትጨምሪ። የእኔ ልጅ ስለሆንሽ ይህን ባልጽፈውም ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ስለሚበር ይህን ክፍል አንብቢለት። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚደርስ የአካል ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1999 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በአብዛኛው ይዳኛል። አደጋው አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ወይም ሲሳፈሩና ሲወርዱ የደረሰ መሆን አለበት። እስከ 151,880 ኤስ.ዲ.አር ድረስ አየር መንገዱ «ጥፋት የለብኝም» ብሎ አያመልጥም፤ ኃላፊነቱ ሊቀንስ ወይም ሊቀር የሚችለው ተሳፋሪው ራሱ ለጉዳቱ ምክንያት ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ወሰን የሚሠራው ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ኤስ.ዲ.አር ደግሞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአምስት ታላላቅ ገንዘቦች የሚያሰላው መለኪያ ነው። አደጋ ሲባል መከስከስ ብቻ አይምሰለው፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. በረራ ላይ ትኩስ ቡና ፈሶባት የተቃጠለች ሕፃንን ጉዳይ አይቶ «አደጋ ነው» ብሏል።

ከዚህ ሁሉ አንቺን የሚመለከትሽ መክሰሻ ቀን መኖሩ ነው፤ እንደ መጓጓዣው ይለያያል። በአውሮፕላን ከሆነ መክሰሻው ጊዜ አውሮፕላኑ ከደረሰበት ወይም መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ነው። የባሕር መንገደኞችን የሚመለከተው የአቴንስ ስምምነትም ለአካል ጉዳት ከመርከብ ከወረዱበት ቀን የሚቆጠር ሁለት ዓመት ይሰጣል። በዓለም አቀፍ የባቡር ጉዞ ደንብ ሦስት ዓመት ነው፤ ግን ጉዳቱን ካወቁ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ለአጓጓዡ ካላሳወቁ መብቱ ሊቀር ይችላል። የአውቶቡስ አደጋ ደግሞ በአብዛኛው አደጋው በደረሰበት አገር ሕግ ይታያል፤ የአንቺን ቀን ጠበቃው ይቁጠርልሽና በጽሑፍ ይስጥሽ። ከመድን ድርጅቱ ጋር እየተደራደርሽ ስለሆነ ብቻ ቀኑ የቆመ እንዳይመስልሽ። «እያየነው ነው» እየተባሉ ይርጋ ያለፈባቸውን ሰዎች አይቻለሁ፤ ፊታቸው አይረሳኝም።

ጠበቃ ስትይዢ ክፍያውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ከካሳው በመቶኛ የሚወስድ ከሆነ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ብትሸነፊ ወጪውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ። ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ካርድ የሚያድለውን አትያዢ።

ሰው ምን ይለኛል እያልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። «እኔ በእግሬ ወጥቻለሁ፣ ክፉኛ የተጎዱት እያሉ ገንዘብ ልጠይቅ?» ትዪያለሽ። በዚህ በኩል ቁርጥ አባትሽን ነሽ፤ ስለዚህ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁት። አንቺ ብትተዪው ለእነዚያ አይጨመርላቸውም። መብትሽን መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም፤ መድኑ የተገባው ለዚህ ቀን ነው። አንገትሽ ምርመራው ሳያልቅ፣ ሐኪሙ «ይኸው ነው፣ ከዚህ ወዲያ አይለወጥም» ሳይልሽ፣ ጠበቃ ሳያነብልሽ አትፈርሚ። ስለለመኑሽም፣ ስለተቆጡሽም፣ ስላሳዘኑሽም አትፈርሚ።

እህትሽ ሐሙስ ትመጣለች። የአንገት መደገፊያውን እሷ ስለያዘች አትግዢ። እስከዚያ ከባድ ነገር አታንሺ፣ የማስታገሻውን ኪኒን ሐኪሙ ካዘዘው በላይ አትዋጪ። ዛሬ ማታ የሐኪሙን ወረቀት፣ የፖሊሱን ቁጥርና ያ ሰው የተወልሽን ወረቀት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ፎቶው ጥርት ይበል፤ ትንንሹን ጽሑፍ ማንበብ እፈልጋለሁ።

እናትሽ