ለደንበኞቻችን፦ ሁለቱን አድራሻ ለምን አንድ አደረግነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት የሁላችሁንም የቤት ሰርቨር (ቤታችሁ ሆኖ ፎቶና ፋይላችሁን የሚያስቀምጠው ማሽን) አድራሻ ቀየርን፤ አንዱ ለቤት፣ ሌላው ለውጭ የነበሩትን ሁለት አድራሻዎች በአንድ ተካን። እሁድ ጠዋት ስልኬ እረፍት አጣ። አንዷ ደንበኛችን የልጇን ፎቶ ልታሳይ አፑን ስትከፍት “ሰርቨሩ አልተገኘም” አላት። አንዱ ለሥራ ባልደረቦቹ የላካቸው ሊንኮች በሙሉ መከፈት አቆሙ። የብዙዎቻችሁ ብራውዘር ያስቀመጠላችሁን ፓስወርድ አላውቅም አለ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ዓመታዊ ክፍያውን አንስቶ “ይሄ ገንዘብ ለመልቀም የተደረገ ነው” የሚል መልእክት ደረሰኝ።

ለውጡ ከመደረጉ ሦስት ቀን በፊት አንድ ኢሜይል ልከን ነበር። አይበቃም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስለ ውሳኔው ግን ዝም ማለት አልችልም። እውነቱን ለመናገር ያ የሰኞ መልእክት ሆዴን አስብሶታል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ስክሪኑ በተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። እናቴ ስልኳ እየሞላ ፎቶ ማጥፋት ጀምራ ነበር። ላፕቶፑን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬ የፎቶ ማከማቻ አደረግሁላት። ስልኳ ላይ ሁለት ምልክት አስቀመጥኩ፤ አንዱን “ቤት” ሌላውን “ውጭ” አልኩት። ቤት ስትሆን ይሄን፣ ስትወጣ ያንን ትጫኛለሽ አልኳት። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። “ፎቶዎቼ ጠፉ እንዴ?” የተሳሳተውን ነበር የተጫነችው።

ያንን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከእናንተም ስንት ጊዜ ሰማሁት። እኔም ስንት ጊዜ “ዋይፋይ ላይ ነዎት ወይስ ሞባይል ዳታ ላይ?” ብዬ መለስኩ። የሁለት አድራሻ ነገር የኔ ሥራ ነበር። ቀላል ስለነበር ነው ያደረግሁት። ለእናንተ ግን ቀላል አልነበረም።

የቤት ውስጡ አድራሻ በ192.168 የሚጀምረው ቁጥር ነው። ይህ የቁጥር ክልል በ1996 በወጣ ስምምነት ለግል ኔትወርክ የተተወ ነው። ማንም ሰው በቤቱ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ይጠቀምበታልም። ስለዚህ የእናንተ ሰርቨር ቁጥር በሌላ ሰው ቤት የፕሪንተር ወይም የቴሌቪዥን ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከበራችሁ ውጭ ያ ቁጥር የእናንተ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ያለው። አንዳንድ አፖች ሁለቱንም አድራሻ እንዲይዙ አድርገን ነበር። አፑ መጀመሪያ የቤቱን ቁጥር ይሞክራል፤ ካልሆነለት የውጩን። እንግዲህ በሆቴል ወይም በጓደኛ ቤት ዋይፋይ ስትገቡ አስቡት። አፑ የቤቱን ቁጥር ሲሞክር እዚያ የማያውቀው ማሽን ሊያገኝ ይችላል። አፖቹ በቤቱ ቁጥር የሚያደርጉት ግንኙነት ደግሞ ያልተመሰጠረ ነበር። አፑ ፓስወርዳችሁን ለማያውቀው ማሽን ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። እስካሁን በማንም ላይ ደርሶ አላየሁም። እስኪደርስ መጠበቅ ግን አልፈለግሁም።

“ታዲያ ለምን ቤትም ሆነን የውጩን ብቻ አንጠቀምም?” ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሞክረነዋል። ቤት ሆናችሁ የውጩን አድራሻ ስትጠሩ ጥያቄው ራውተሩ ዘንድ ይደርሳል። አድራሻው የራሱ የራውተሩ ነው። መልሶ ወደ ውስጥ ማዞር አለበት። ሳሎን ያለ ሰው መኝታ ቤት ለመግባት በመስኮት ወጥቶ በዋናው በር እንደ መመለስ ነው። አንዳንድ ራውተር ይህን ያደርጋል፤ ሌላው አያደርግም፣ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ከደንበኞቻችን ቤት ያሉት ራውተሮች ዓይነታቸው ብዙ ነው። የአንዱ ሲሠራ የሌላው እምቢ ይላል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ መተማመን አይቻልም።

ሁሉንም በኛ የማስተላለፊያ ሰርቨር፣ ማለትም ግንኙነቱን ኢንተርኔት ላይ ተቀብሎ ወደ ቤታችሁ በሚያሳልፈው የተከራየነው ማሽን፣ በኩል ማሳለፍም ይቻል ነበር። ያኔ ግን ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለውን የራሳችሁን ፎቶ ማየት አትችሉም። ያ ከሆነ ሰርቨሩን ቤታችሁ ማስቀመጥ ምን ፋይዳ አለው? ዋየርጋርድን፣ ማለትም ስልክን ከውጭ ሆኖ ከቤት ኔትወርክ ጋር በምስጢር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ በየስልኩ መጫንም አለ። እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን ለአያትም፣ ለልጅም፣ ለእንግዳም ስልክ አንድ በአንድ መጫን ይጠይቃል። ብዙ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

የቀረው ያደረግነው ነው። ለሰርቨራችሁ አንድ ስም ሰጠነው። ስሙን ከውጭ የሚጠይቅ የውጩን ቁጥር ያገኛል። ከቤት የሚጠይቅ የቤቱን ቁጥር ያገኛል። ስሙ አንድ ነው፤ መልሱ ሁለት። ዲኤንኤስ የሚባለው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት ይህን በደንብ ይችላል። እናንተ የት እንዳላችሁ ማሰብ አይጠበቅባችሁም። ቤት ስትሆኑ ፋይሉ በዋይፋያችሁ ፍጥነት ይመጣል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይመጣል።

ስም ሲኖር ሰርተፍኬት፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት ለብራውዘሩ የሚያረጋግጥ ዲጂታል መታወቂያ፣ ይመጣል። ድሮ ቤት ውስጥ ብራውዘሩ “ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም” ሲላችሁ “ግድ የለም፣ ቀጥል የሚለውን ተጫኑ” የምላችሁ እኔ ነበርኩ። ማስጠንቀቂያን ችላ ማለት ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለተራ የቤት ቁጥርና እንደ “ሎካል” ባሉ የቤት ውስጥ ስሞች ለሚያልቅ አድራሻ ከታወቁት ሰጪዎች እውነተኛ ሰርተፍኬት አይገኝም ነበር። ለትክክለኛ የኢንተርኔት ስም ግን ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ሰጪ በነጻ ይሰጣል። አሁን ቤትም ውጭም ያለ ማስጠንቀቂያ ይከፈታል። ያለ ፓስወርድ በጣት አሻራ የሚገባበትን ፓስኪም መጠቀም ትችላላችሁ። ፓስኪ ከስም ጋር እንጂ ከቁጥር ጋር አይታሰርም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደ ተቆጣችሁበት ልምጣ። “የቤተሰባችንን ስም ትተህ ለምን ትርጉም የሌለው ቃል ሰጠኸን?” አላችሁኝ። እያንዳንዱ የተሰጠ ሰርተፍኬት ማንም ሰው ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይጻፋል። የቤተሰብ ስማችሁን ብንጠቀም “እዚህ ቤት ሰርቨር አለ” ብሎ ለዓለም እንደ መለጠፍ ነው። ለሁላችሁም አንድ የጋራ ሰርተፍኬት ብናወጣ ስማችሁ አይታይም ነበር። ያኔ ግን የሁሉም ቤት ቁልፍ አንድ ይሆናል። አንዱ ቤት ቢሰረቅ የሁላችሁም ተከፈተ ማለት ነው። ያንን አላደርገውም። ቃሉ ካስጠላችሁ ንገሩኝ፣ ሌላ ቃል እንመርጣለን። የራሳችሁ የተመዘገበ ስም ካላችሁም በደስታ እናስገባዋለን።

ስለ ዓመታዊው ክፍያ። ሰርተፍኬቱ ነጻ ነው፤ እሱን አላስከፈልኳችሁም። ክፍያው ለስሙ ምዝገባና ለማስተላለፊያው ነው። ብዙዎቻችሁ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የራሳችሁ የሆነ የውጭ ቁጥር አይሰጣችሁም፤ ከሌሎች ቤቶች ጋር ትጋራላችሁ። ምክንያቱ የቁጥር እጥረት ነው፤ የተለመደው ዓይነት (IPv4) ጠቅላላ ቁጥሮቹ ወደ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ቁጥሮቹን በየዓለም ክፍሉ ለሚያድሉ መዝጋቢዎች የሚከፋፈለው የመጨረሻው ክምችት ያለቀው በየካቲት ወር 2011 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቁጥር ለሌላችሁ ቤቶች ከውጭ የሚመጣው ግንኙነት በተከራየነው ማሽን አልፎ ይመጣል። ማሽኑ ውስጡን አያይም፤ ምስጢሩ የሚፈታው ቤታችሁ ነው። ግን ኪራይ አለው። ኪራዩ ጨመረ። ለእያንዳንዱ የውጭ ቁጥር ለብቻው ማስከፈልም ተጀመረ። የዲስክና የሜሞሪ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ የተበላሸባችሁን በድሮው ዋጋ ስቀይርላችሁ ቆይቻለሁ። ይህን የምለው ውለታ ለማስቆጠር አይደለም። ገንዘብ ለቀመ ስትሉኝ ስለከበደኝ ነው።

ድካማችንም ከእንግዲህ በእጅ የሚሸፈን አይደለም። ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። ከመጋቢት 2029 ጀምሮ፣ አሁንም በፈረንጆች፣ ማንም ሰጪ ከ47 ቀን በላይ የሚቆይ መስጠት አይችልም። በየቤቱ እየዞሩ ማደስ አይቻልም። አሁን ሰርቨራችሁ ራሱ ያድሳል። ለዚህም በር መክፈት አያስፈልገውም፤ የስሙ ባለቤት መሆኑን በዲኤንኤስ በኩል ብቻ ያረጋግጣል።

ሁሉም ተሳካ አልልም። አንዳንዶቻችሁ ቤት ሆናችሁም አሁንም ቀርፋፋ ነው ብላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ስልኩ ላይ ያለው “የግል ዲኤንኤስ” ነው። ስልኩ ስሙን ከቤታችሁ ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ ውጭ ይጠይቃል፤ የውጩን መልስ ያገኛል። እሱን ወደ “አውቶማቲክ” መልሱት። ብራውዘሩም ለብቻው እንዲሁ ሊያደርግ ስለሚችል እሱንም እዩት። ከቤት እንደወጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል አልከፍት ካለ ደግሞ አትደንግጡ፤ የድሮውን መልስ እስኪረሳ ነው።

ሌላው ከባድ ስሞታ የመጣው ራውተራቸው የስም መልስ መያዝ ከማይችል ቤቶች ነው። እነዚህ ቤቶች ስም የሚጠይቁት ከሰርቨሩ ነው። ስለዚህ ለማጽዳት ሰርቨሩን ሲነቅሉት የቤቱ ኢንተርኔት ሁሉ የሄደ መሰላቸው። ሁለተኛ የውጭ ዲኤንኤስ ለምን በተጠባባቂነት አልተደረገም ብላችኋል። መሣሪያዎች ሁለተኛውን የመጀመሪያው ሲጠፋ ብቻ አይጠይቁትም፤ እንደ ፈለጉ ይጠይቁታል። አንዴ የቤት፣ አንዴ የውጭ መልስ ያገኛሉ፤ ወደ ድሮው ግራ መጋባት መመለስ ነው። ለእነዚህ ቤቶች ስም ብቻ የምትመልስ ትንሽ መሣሪያ በነጻ እየሰጠን ነው።

ስለ ፎቶ የፈራችሁ፦ አንድም ፎቶ አልጠፋም። አፑን አታጥፉት፤ አድራሻውን ብቻ ቀይሩ። እንደ አዲስ የሚጭን ቢመስልም ከዚህ ቀደም የገባውን ፎቶ በይዘቱ ስለሚያውቀው ደግሞ አያስቀምጠውም።

ከእናንተ ሰምቼ የቀየርኩትም አለ። ቤት ሆናችሁ የድሮውን ቁጥር ብራውዘር ላይ ብትጽፉ ከዛሬ ጀምሮ ወደ አዲሱ ስም ይወስዳችኋል። ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ይዛችሁታል፤ ያንን መንጠቅ አልነበረብኝም። የውጩ የድሮ አድራሻ ግን ተዘግቶ ይቆያል። በዚያ በኩል ለዓመታት ከየትም እየመጣ በሩን ሲያንኳኳ የነበረውን የማሽን ብዛት ብታዩ እናንተም ትዘጉት ነበር።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አንድ ወር ስጡኝ። ከዚያ በኋላ አልተመቸኝም የሚል ካለ ሰርቨሩም፣ በውስጡ ያለውም የራሱ ነው፤ ቅንብሩን ጽፌ አስረክበዋለሁ፣ ለዚህም አላስከፍልም። ግን ብትቆዩ ደስ ይለኛል። ከመካከላችሁ ገና በአንድ ጠረጴዛ ስንሠራ ጀምሮ ያላችሁ አላችሁ። ስማችሁን ሳላይ በድምፃችሁ አውቃችኋለሁ።

እናቴ አሁን ስልኳ ላይ ያላት ምልክት አንድ ነው። እሷንም እሁድ ጠዋት አልከፍት ብሏት ነበር፤ እሷም እንደ እናንተ ተቆጥታኛለች። አድራሻውን አብረን ቀየርነው፤ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ከእናንተም ጋር እንደዚያው እንቀይረዋለን። እስከ ወሩ መጨረሻ ማታ ማታ ስልኩን የማነሳው እኔው ራሴ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት