«ለምጄዋለሁ» ስላልከው እንቅልፍ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እጅግ ደስ አለኝ። ስለ ሥራህና ስለ ልጆችህ በሰፊው ጽፈህልኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘችው ግን በመካከል እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «በሌሊት የምተኛው አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ግን ለምጄዋለሁ።» የተለያየንበትን ዘመን ወሬ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ለዚህች ቃል ብቻ ልመልስልህ።

የእንቅልፍ እጦት የሚለመድ የሚመስለው፣ ጉዳቱን መመዘን የሚገባው አእምሮ ራሱ ተጎጂ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ ሰዎች ለ14 ተከታታይ ሌሊቶች ስድስት ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ እንዲተኙ ተደርጎ ንቃታቸው በየቀኑ ተፈትኗል። ስህተታቸው ቀን በቀን እየበዛ ሄዶ፣ በመጨረሻ እስከ ሁለት ሌሊት ድረስ ጨርሶ እንቅልፍ በዓይኑ ካልዞረ ሰው ጋር የሚተካከል ሆነ። እነርሱ ግን ራሳቸውን ሲመዝኑ የድካም ስሜታቸው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ እምብዛም አልጨመረም ነበር። እንግዲህ አንተ «ለመድኩት» የምትለው እጦቱን ሳይሆን፣ እጦቱን አለማስተዋልን እንዳይሆን እፈራለሁ። በዚያ ላይ አምሽተህ ራስህ እየነዳህ ወደ ቤትህ እንደምትመለስ ጽፈህልኛል፤ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ደግሞ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል በሙከራ ታይቷል።

በተፈጥሯቸው ጥቂት እንቅልፍ የሚበቃቸው ሰዎች የሉም አልልህም፤ አሉ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ለዚህ ምክንያት የሆነ የዘረ መል ለውጥ ተገኝቷል። ይሁንና እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ በዕረፍት ቀናቸውም ቢሆን ያንኑ ያህል ተኝተው በራሳቸው ጊዜ ይነቃሉ። አንተ ግን በዕረፍት ቀን እስከ እኩለ ቀን እንደምትተኛ በዚያው ደብዳቤ ነግረኸኛል፤ ይህም ዕዳውን የሚከፍል ሰው እንቅልፍ ነው። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንደሚያስፈልገው የዘርፉ ሐኪሞች የሚስማሙበት ነው።

«ሁለት ሰዓት ብትጎድል ምን አለበት?» ትለኝ ይሆናል። እንቅልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልል ነበር። ነገር ግን አንጎላችን 90 ደቂቃ ገደማ በሚወስዱ ዑደቶች ይመላለሳል፤ የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ጥልቅ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ይበዛል፣ በሕልም የተሞላውና ዓይኖች ከቆባቸው በታች በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋቱ ይረዝማል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት ስትቆርጥ ከሁሉም ላይ እኩል አትቀንስም፤ ይበልጥ የምትነጠቀው ከዚህ ከኋለኛው እንቅልፍ ነው።

ቀን ቀን የሚይዝህ ዝለትና ማምሻህን ይመጣል ያልከው የረሃብ ስሜትም ከዚሁ የተለየ ምንጭ ያለው አይመስለኝም። በአንዳንድ ጥናቶች እንደታየው፣ እንቅልፍ ሲያንስ የጥጋብ መልእክት የሚያደርሰው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል፤ ሰውነትም ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ተኝተው ይኸው የስኳር ቁጥጥር መዳከም ታይቶባቸዋል። ጉንፋኑስ ቢመላለስብህ ምን ይደንቃል? ከሰባት ሰዓት በታች የሚተኙ ሰዎች ለጉንፋን ቫይረስ ሲጋለጡ፣ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል በቀላሉ ታመው ተገኝተዋል።

ቡናን በተመለከተ አልቆጣህም፤ እኔም እወደዋለሁ። ብቻ ሥራውን እወቅበት። በነቃንባቸው ሰዓታት ሁሉ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍን ይጠራል፤ ካፌይን ደግሞ የዚህን ንጥረ ነገር መቀበያ ይዘጋል እንጂ ክምችቱን አያስወግድም። ደወሉን እንደ ማጥፋት ነው፤ እሳቱ እንዳለ ነው። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የጠጣኸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገና ግማሹ ከአንተ ጋር ነው።

በየቦታው የሚታደለውን የምክር ዝርዝር ልደግምልህ አልፈልግም፤ አብዛኛው እውነት ቢሆንም ሰው ሁሉንም ልፈጽም ብሎ አንዱንም ሳይዝ ይቀራል። ከሁሉ አስቀድመህ የምትነሣበትን ሰዓት፣ በዕረፍት ቀንም ቢሆን፣ አንድ አድርገው፤ እንደተነሣህም ወደ ብርሃን ውጣ። የሰውነት ሰዓት በዋነኛነት የሚስተካከለው በብርሃን ነውና የምሽቱ እንቅልፍ ከማለዳው ይጀምራል። ተኝተህም እንቅልፉ ለሳምንታት እምቢ ካለህ ወደ ክኒን አትቸኩል፤ አስቀድሞ የሚመከረው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ባለቤትህን ጠይቅልኝ፦ በእንቅልፍህ ታንኮራፋለህን? ትንፋሽህስ ለአፍታ ተቋርጦ በመታፈን ዓይነት ትባንናለህን? እንዲህ ከሆነ የሰዓቱ ቁጥር ብቻ አይፈታውም፤ ሐኪም ሊያየው የሚገባ፣ ሕክምናም ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል። እርሷ የምትለውን ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ